ኮምባይን ማሽን በሊዝ ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ? ለአንድ የእንጨት ሥራ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ሥራ ያልጀመርኩት ማሽን ስለሌለኝ ነው። በእጅ የተሠራ ዕቃ ከማሽን ሥራ ጋር አይወዳደርም። ኮምባይን ማሽን (መሰንጠቂያ፣ መላጊያና መብሻ በአንድ ላይ የያዘ)፣ ራውተር (ጠርዝና ቦይ የሚያወጣ የእጅ ማሽን) እና ቢያንስ አሥር ሞርሴቶ (የተጣበቀ እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ብረት) ሳይኖር ወርክሾፕ መክፈት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። አሁን በሊዝ ማሽን የመውሰድ ዕድል አለ። ልውሰድ ወይስ ትንሽ አጠራቅሜ የተሻለ ልግዛ? የትኛውን ብራንድ ትመክሩኛላችሁ?»

ሁለቱንም አታድርግ። ሊዙንም አትውሰድ፣ ለማጠራቀምም አትጠብቅ። ምክንያቱን ከመዘርዘሬ በፊት አንድ የተሳሳተ ግምት ላርም። ማሽን እንጨት ይሰነጥቃል፣ ይልጋል፣ ይበሳል። እንጨቱ መድረቁን አያውቅም፣ መስመሩ የት መሆን እንዳለበት አይወስንም፣ መጋጠሚያው ይላላ ይጥበቅ አይፈርድም። ጎንደር ውስጥ ገዢ የሚመልሰው በር ወይም ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ስለተጣመመ፣ ስለተሰነጠቀ ወይም እግሩ ስለሚወዛወዝ ነው። ሦስቱም ችግሮች ከማሽን እጦት የሚመጡ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከእርጥብ እንጨት፣ ሦስተኛው ከመጥፎ መለካትና ከዱልዱም መሮ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እጅህ ካልሠራ፣ ማሽን ስትገዛ የምታገኘው በፍጥነት የሚበላሽ እንጨት ብቻ ነው። ከኮሌጅ ይዘኸው የወጣኸው ሙያም ሳይሠሩበት የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ መሮ ይዞ ያልዋለ እጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ይረሳል።

«ፋሲል ግንብ ያለ ማሽን አይደለም ወይ የተሠራው» የሚል ምክርም ሰምተህ ይሆናል። እሱን እርሳው። ያ በንጉሥ ትእዛዝ ብዙ እጅ የተረባረበበት ሥራ ነው። አንተ ያለህ ሁለት እጅና የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ የምትጀምርበት ዕቃ ትንሽ፣ ተፈላጊና በእጅ ሲሠራ ከማሽን የማያንስ መሆን አለበት።

ያ ዕቃ የቡና በርጩማ ነው። በየመንገዱ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ሁሉ አምስት ስድስት በርጩማ ትፈልጋለች፤ ዕቃው ቀኑን ሙሉ ስለሚጎተትና ስለሚገለበጥም ቶሎ ያረጃል። ሌላም ምክንያት አለ። የበርጩማ ክፍሎች ሁሉ ከ30 ሳ.ሜ. አይበልጡም። እንዲህ ያለ አጭር እንጨት በማሽን መላጊያ ላይ መግፋት አደገኛ ነው፤ ቢላዋው እንጨቱን ገልብጦ ጣትን ወደ ውስጥ ይስባል። ማሽን ያላቸውም ቢሆኑ ረጅሙን ልገው ኋላ ነው የሚቆርጡት። ማለትም በዚህ ዕቃ ላይ ባለማሽኑ ከአንተ ብዙ አይበልጥም።

የሚያስፈልግህ መሣሪያ ይህ ነው፦ አንድ መጋዝ፣ አንድ የእጅ መላጊያ፣ ባለ 10 ሚ.ሜ. እና ባለ 25 ሚ.ሜ. መሮ፣ ከወይራ ራስህ የምትሠራው የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን ማስመሪያ)፣ ሜትር፣ ስለታም ቢላዋ፣ የእጅ ወይም የኤሌክትሪክ ትራፓኖ (መብሻ)። ያገለገለ ግዛ፤ ዝገት የላይ ላይ ከሆነ ይጠፋል። መጋዝ ስትመርጥ ግን ጥርሱን ተመልከት። የአንዳንድ አዳዲስ መጋዞች የጥርስ ጫፍ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ይላል። ያ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሞረድ አይበላውም፤ ሲዶለድም ከመጣል ሌላ ምርጫ የለም። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ የሚይዘውን መጋዝ ውሰድ።

ስኳድራውን ሳትፈትነው አትመነው። ጠርዙ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ አስደግፈህ በቢላዋ መስመር አስምር፣ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠህ በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ መስመር አስምር። ሁለቱ መስመሮች ካልተደራረቡ፣ በመካከላቸው የምታየው ክፍተት የስኳድራው ስህተት እጥፍ ነው። ሻጩ ፊት እንዲህ ስታደርግ ሊያኮርፍ ይችላል፤ ያኩርፍ። ሜትርም ሁለት አትጠቀም። የሁለት ሜትሮች ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ እኩል ስለማይላላ፣ በአንዱ ለክተህ በሌላው ብትቆርጥ አንድ ሁለት ሚ.ሜ. ትስታለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ስለት። ጀማሪ «በእጅ አይሠራም» የሚለው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ መሮው ዱልዱም ስለሆነ ነው። ከሱቅ የመጣ መሮ የተሳለ አይደለም፤ ለመሳል የተዘጋጀ ነው። ወፍራም መስታወት ወይም ያልጎበጠ የወለል ሴራሚክ ፈልግ። መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት በ240፣ በ400፣ በ1000 እና በ2000 ቁጥር ግዛ። ወረቀቱን በውሃ አርሰህ መስታወቱ ላይ ለጥፍ። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ፣ ከጫፉ ወደ ኋላ 3 ሳ.ሜ. ያህል፣ መስታወት እስኪመስል አሽ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ጀርባው ካልተስተካከለ ግን ፊቱን የፈለግኸውን ያህል ብትስል ስለት አይወጣም።

የፊቱ ተዳፋት 30 ዲግሪ ይሁን። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግህም፦ የተዳፋቱ ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ብረቱ 4 ሚ.ሜ. ከሆነ ተዳፋቱ 8 ሚ.ሜ. ይሆናል። ከ240 ጀምረህ፣ በጀርባው በኩል በጣትህ የምትዳስሰው ቀጭን ጥቅልል ከዳር እስከ ዳር እስኪወጣ ሳል። ጥቅልሉ ሳይወጣ ወደሚቀጥለው ወረቀት አትለፍ። በመጨረሻው ወረቀት ጀርባውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠፍጣፋ አድርገህ ብታሸው ጥቅልሉ ይወድቃል። ፈተናው ቀላል ነው፦ የለስላሳ እንጨት ራስ ላይ፣ ማለትም ቃጫው በተቆረጠበት ፊት ላይ ግፋው። የተሳለ መሮ አንጸባራቂ ገጽ ይተዋል፤ ዱልዱም መሮ ቃጫውን ቀጥቅጦ ነጭ ዱቄት ያስመስለዋል። የመጋጠሚያ ጉድጓድ ስትቆፍር በየግማሽ ሰዓቱ ወደ 2000ው ወረቀት ተመለስ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በኤሌክትሪክ ሞላ (በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ) ከሳልክ ደግሞ ጫፉ ወደ ሰማያዊነት እንዳይለወጥ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ሰማያዊ የሆነ ብረት ጥንካሬውን አጥቷል፣ ያን ክፍል አንስተህ ከመጣል ሌላ መፍትሔ የለውም።

ቀጥሎ እንጨቱ። በጎንደር ያለው ልዩ ችግር ክረምትና በጋ በጣም መራራቃቸው ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ነው፣ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ እንጨት የሚያጮህ ደረቅ ይሆናል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን እርጥበት ሲጨምር ያብጣል፣ ሲቀንስ ይሸበሸባል። 30 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ እርጥበቱ በአራት በመቶ ቢቀንስ ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ. ሊጠብ ይችላል። በነሐሴ የሠራኸው ዕቃ በጥር፣ ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ፣ አፉን የሚከፍተው ለዚህ ነው። ምስማር በመጨመር አይድንም፤ ምስማር ይዞት እንዳይጠብ ሲከለክለው ይሰነጠቃል።

ዋንዛ ከሁሉ ይሻላል፦ ለመሮ ለስላሳ ነው፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ አቆራረጡና አጓጓዙ ቁጥጥር አለበት። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለውን ዋንዛ በርካሽ ስላገኘህ አትግዛ፤ እንጨቱ በተወረሰ ቀን ሥራህም አብሮ ይወረሳል። ባህር ዛፍ በየቦታው አለ፣ ጠንካራም ነው፤ ግን በጣም ይሸበሸባል፣ በፍጥነት ሲደርቅም ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ከእሱ ለመሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣውላውን ከመሬት 40 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገህ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ደርድር። በየድርድሩ መካከል 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች በየ50 ሳ.ሜ. አስገባ፤ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ፣ አለዚያ ጣውላው በመካከላቸው ይጎብጣል። ሁለቱን ጫፎች በተረፈ የዘይት ቀለም ቀባ፤ ውሃው በጫፉ በኩል ሮጦ እንዳይወጣ ያደርጋል። ፀሐይ ላይ አታስጣ።

መድረቁን በእጅ በመንካት አትወስን። ከጣውላው መካከል እንጂ ከጫፉ ያልሆነ ትንሽ ቁራጭ ቁረጥና ግራም በሚለይ ሚዛን መዝን። ከዚያ ምድጃ ወይም ኦቨን ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት፣ እንዳይከስል እየጠበቅህ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍል። 118 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ፣ እርጥበቱ 18 በመቶ ነው፤ ለቤት ዕቃ አይሆንም። ከ12 በመቶ በታች ሲሆን ሥራ ጀምር። ይህን ለማወቅ ውድ የእርጥበት መለኪያ መግዛት አያስፈልግም።

ለስድስት በርጩማ የሚበቃው እንጨት እንዲህ ነው፦ 4 በ4 ሳ.ሜ. የሆነ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) 8 ሜትር ለእግር፣ 3 በ6 ሳ.ሜ. የሆነ 6 ሜትር ለማያያዣ፣ 15 ሳ.ሜ. ስፋትና 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ 4 ሜትር ለመቀመጫ። የሚላግ ማሽን ላለው ቤት ረጅሙን እንጨት ወስደህ፣ የላጉበትን ከፍለህ ተመለስ። ከመጨረሻው ልክ 2 ሚ.ሜ. አስተርፍና አንድ ሳምንት ቤትህ ይረፍ፤ ከዚያ በእጅ መላጊያ ጨርሰው። ማሽንን በሰዓትና በሜትር መከራየት ይቻላል። መግዛትን ከመሥራት ጋር አንድ አድርገህ ማየትህ ነው ሁለት ዓመት ያስቀመጠህ።

አንዱ በርጩማ አራት እግር አለው፣ እያንዳንዱ 28 ሳ.ሜ.። መጀመሪያ ግን 30 ሳ.ሜ. አድርገህ ቁረጥና ትርፉን 2 ሳ.ሜ. በላይኛው ጫፍ በኩል ተወው። ጉድጓድ ስትቆፍር የእግሩ ራስ እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቀው ያ ትርፍ ነው፤ የሚቆረጠው ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው። አራቱ ማያያዣዎች እያንዳንዳቸው 23 ሳ.ሜ. ይሆናሉ፦ 18 ሳ.ሜ. በእግሮቹ መካከል የሚታየው፣ በሁለቱም በኩል 2.5 ሳ.ሜ. ደግሞ ምላስ፣ ማለትም እግሩ ላይ ወደተቆፈረው ጉድጓድ የሚገባው ቀጭን ጫፍ። የምላሱ ውፍረት ከማያያዣው ውፍረት ሲሶ፣ ማለትም 10 ሚ.ሜ. ነው። ባለ 10 ሚ.ሜ. መሮ ግዛ ያልኩህም ለዚህ ነው፤ ጉድጓዱን የሚለካው የመሮው ስፋት ራሱ ነው። ምላሱን በከፍታ 4.5 ሳ.ሜ. አድርግ፣ ከላይ 1.5 ሳ.ሜ. ቁረጥለት።

መለኪያውን በየእግሩ ላይ በሜትር አትድገም። አንድ ቀጭን ዘንግ ላይ የጉድጓዶቹን መጀመሪያና መጨረሻ በቢላዋ ቁረጥና በዚያ ዘንግ ሁሉንም እግሮች አስምር። ሃያ አራት እግር ሃያ አራት ጊዜ ከለካህ ሃያ አራት የተለያየ እግር ይኖርሃል። መስመሩ በእርሳስ ሳይሆን በቢላዋ ይሁን፤ የእርሳስ መስመር ግማሽ ሚ.ሜ. ይሰፋል፣ የቢላዋ ቁረጥ ግን መሮው የሚያርፍበት ቦይ ይሆናል።

ጉድጓዱ 27 ሚ.ሜ. ይጥለቅ፤ ትርፉ 2 ሚ.ሜ. ለኮላው ነው። ሁለቱ ምላሶች እግሩ ውስጥ ስለሚገናኙ ጫፋቸውን በ45 ዲግሪ ቁረጥ፣ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይገፋና ትከሻው (ምላሱ የሚጀምርበት የማያያዣው ጠርዝ) ከእግሩ ጋር አይገጥምም። ምላሱን ስትሰነጥቅ መጋዙ ከመስመሩ ውጭ፣ በሚጣለው በኩል ይሂድ። ትክክለኛ ግጥሚያ በእጅ ተገፍቶ ግማሹ የሚገባ፣ የቀረው በቀላል የመዶሻ ምት የሚያልቅ ነው። በኃይል ተመትቶ የሚገባ ከሆነ ኮላውን ጠርጎ ያወጣዋል፣ ወይም እግሩን ይሰነጥቃል። የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ኮላ አይሞላውም፤ ነጭ ኮላ ክፍተት የሚሞላ ሲሚንቶ አይደለም። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መጠቅጠቅም ገዢን ማታለል እንጂ ጥገና አይደለም።

አሥር ሞርሴቶ ያልከውን በተመለከተ፦ ያረጀ የብስክሌት ካላማዳሪያ በ3 ሳ.ሜ. ስፋት ቁረጥ። በርጩማውን ከገጣጠምክ በኋላ በማያያዣዎቹ ትይዩ እየወጠርህ አምስት ስድስት ዙር ጠቅልለው። አብዛኛው ጀማሪ በሞርሴቶ ከሚያጠብቀው የተሻለ ጫና ይሰጣል፣ እንጨቱንም አይጨፈልቅም። ገመድ በዱላ ጠምዝዞ ማጥበቅም ይሠራል፤ ብቻ ጠርዞቹ ላይ ካርቶን አድርግ። ኮላው ሳይዝ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን አቅጣጫ ለካ። ልዩነቱ ከ2 ሚ.ሜ. ከበለጠ፣ በረጅሙ ጥግ በኩል ጨመቅ አድርገህ አስተካክል። ሃያ አራት ሰዓት አትንካው።

መቀመጫው ሁለት ጣውላ ነው። አታጣብቃቸው፣ ዙሪያውንም በምስማር አትምታው። እያንዳንዱ ጣውላ በሁለቱ ጫፎቹ፣ ከስፋቱ መሐል ላይ፣ ከሥር በአንድ በአንድ ቪቴ (ጥርስ ያለው ጥምዝ ምስማር) ብቻ ይያዝ። ማያያዣው 6 ሳ.ሜ. ከፍታ ስላለው መጀመሪያ ከታች በኩል በ10 ሚ.ሜ. መብሻ 3.5 ሳ.ሜ. ቆፍር፣ የቀረውን በ5 ሚ.ሜ. ብሳ፣ ከዚያ ባለ 4 ሳ.ሜ. ቪቴ አስገባ። ጫፉ መቀመጫው ውስጥ 1.5 ሳ.ሜ. ይገባል፣ በላይ አይወጣም። እንዲህ ከሆነ ጣውላው ከመሐል ወደ ሁለቱም ዳር እንደልቡ ያብጣል ይጠባል። በሁለቱ መካከል የምትተወው ክፍተት በወቅቱ ይለያያል፦ በክረምት የምትሠራ ከሆነ አስጠጋቸው፣ በመጋቢት ከሆነ 3 ሚ.ሜ. ተው።

የመጀመሪያው በርጩማ ሁለት ሙሉ ቀን ቢፈጅ አትደንግጥ። እሱን አትሽጠው፤ ስበረው። አንዱን እግር በመዶሻ ደብድበህ አውጣና ምን እንደተሰበረ ተመልከት። እንጨቱ ራሱ ከተሰበረ ግጥሚያህ ጥሩ ነው። ምላሱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ወይ ላላ ነበር፣ ወይ ኮላው አልነካውም፣ ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ሰጋቱራ ቀርቷል። ሁለተኛውን ወፈር ያለ ሰው ተቀምጦበት በሁለት እግሩ ወደ ኋላ ያዘንብለው። ከሦስተኛው ጀምሮ መሸጥ ትችላለህ። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ስድስት በርጩማ ጨርስ፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ማሽን ምንም አትወስን፣ የወርክሾፕ ቪዲዮም አትመልከት።

ይህ መንገድ ገደብ አለው። የአንድ ሕንፃ ሃያ በር፣ የኩሽና ቁም ሣጥን፣ በቺፑድና በኤምዲኤፍ የሚሠራ ሁሉ በእጅ አያዋጣም። ቺፑድ የእጅ መጋዝ ጥርስ ይጨርሳል፣ ጠርዙም ይፈረካከሳል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ «እሠራለሁ» ብለህ ቀብድ አትቀበል። ማሽን የምትገዛበት ጊዜ ግን ይመጣል፤ ምልክቱም የሚቆጠር ነው። ደብተር ያዝ፤ በየወሩ ለመላጊያ ቤት የከፈልከውን ጻፍ። ሦስት ወር በተከታታይ ያ ክፍያ ከሊዙ ወርሃዊ ክፍያ ከበለጠ፣ ያን ጊዜ ውሰድ።

ብራንዱን በተመለከተ፣ ስም ሳይሆን ይህን ተመልከት። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ቤትህ ያ የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን ሳታረጋግጥ አትፈርም፤ ማሽኑ ከገባ በኋላ መስመር መጠበቅ ማለት ሳይሠሩ ሊዝ መክፈል ነው። የመላጊያውን ጠረጴዛ ሁለት ክፍሎች በረጅም ቀጥ ያለ ብረት አስተያይ፤ በሥሩ ብርሃን ካየህ ተወው። አጥፍተህ ቢላዋ የያዘውን ዘንግ በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል። የመጋዙ መከለያና ከመጋዙ ኋላ ቆሞ የተሰነጠቀውን እንጨት ለይቶ የሚይዘው ብረት ከሌሉ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አትግዛው፤ እንጨቱ መጋዙን ጨምቆ ወደ ሆድህ የሚወረወረው ያ ብረት ሲጎድል ነው።